ፍትሕ ለሁሉም፤ ለእሱም ጭምር

«እንዴት አድርገህ ለእንዲህ ያለው ሰው ትቆማለህ?» ተብሎ ያልተጠየቀ የወንጀል ጠበቃ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ጠያቂው አጎት ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ አማት ልትሆን ትችላለች። ጥያቄው ግን የትም አገር ያው ነው። ከጥያቄው በስተጀርባም ያልተነገረ ፍርድ አለ። ሰውየው ወንጀለኛ መሆኑን አንተም እኔም እናውቃለን፤ ታዲያ ምን ቀረህና ትከራከራለህ? ነው ነገሩ።

ዛሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ሙግት ልገጥም ነው። የምገጥመው ግን ከአንድ የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ጋር ነው። «ደግሞ ብሎ ብሎ ከሕፃናት ጨዋታ ጋር መሟገት ጀመረ?» የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። አንደኛ ነገር፣ ጨዋታው የሕፃናት አይደለም። ሁለተኛ ነገር፣ ወድጄዋለሁ። የማይረባ ነገር ቢሆንማ ማን ጊዜውን ያጠፋበታል? ሰው የሚሟገተው ከሚያከብረው ጋር ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

እንግዲህ ከታሪኩ እንጀምር። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2001 ጌም ቦይ አድቫንስ በምትባለው የእጅ መጫወቻ ላይ አንድ የችሎት ጨዋታ አወጣ። ደራሲውም ዳይሬክተሩም ሹ ታኩሚ ይባላል። በዓመቱ፣ ጥቅምት 2002 ላይ፣ ሁለተኛው ክፍል ተከተለ። በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሰሜን አሜሪካ የገባው ግን በጥር 2007 ነው፤ ያኔ ባለ ሁለት መስኮቷ ኒንቴንዶ ዲኤስ ዓለምን ያዳረሰችበት ዘመን ነበር። የእንግሊዝኛ ስሙንም «ጀስቲስ ፎር ኦል» አሉት። ፍትሕ ለሁሉም ማለት ነው። ይህንን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የጨዋታው ጀግና ፊኒክስ ራይት የሚባል ፀጉሩ እንደ ጃርት የቆመ ወጣት ጠበቃ ነው። ተኩስ የለም፣ ሩጫ የለም፣ መኪና ማጋጨት የለም። ያለው ንባብ ነው። ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ ሄደህ ትመረምራለህ፣ ሰው ታነጋግራለህ፣ ማስረጃ ትሰበስባለህ። ከዚያ ችሎት ትቀርባለህ። ምስክሩ ቃሉን ሲሰጥ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ታደምጠዋለህ፤ አንዷ ቃል ከማስረጃው ጋር ስትጋጭ ያዝ አድርገህ «ተቃውሞ አለኝ!» ትላለህ። ከፈለግህ በመሣሪያዋ ማይክሮፎን በኩል በድምፅህ መጮህ ትችላለህ። አውቶቡስ ውስጥ የሚጫወት ሰው ድንገት እንዲያ ቢጮህ አጠገቡ የተቀመጡት ምን እንደሚሉት እናንተው ገምቱ።

በላ ልበልሃን ከአያቶቹ የሰማ ሰው የዚህ ጨዋታ ጣዕም ወዲያው ይገባዋል። ሰውን በገዛ ቃሉ ማጥመድ፣ ምስክር ሲያላግጥ ልብሱን ሳይሆን ምላሱን መያዝ፣ ነገርን ፈትሎ ፈትሎ ጫፉ ላይ ማሰር የቆየ የሰው ልጅ ደስታ ነው።

ወደ ችሎቱ ሥርዓት ስንመጣ ግን ጉድ ይታያል። በፊኒክስ ዓለም ችሎት ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። ሕዝባዊ ዳኝነት የለም፤ ያለው ነፋስ ወደ ነፈሰበት የሚያዘነብል አንድ ጺማም ዳኛ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ይህ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ስላላስረዳ ብቻ ተከሳሹ ወደ ቤቱ አይሄድም። ጠበቃው እውነተኛውን ገዳይ ፈልጎ፣ ችሎት አቁሞ፣ አስለፍልፎ ማሳየት አለበት። በሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዓመት ላይ የሚነገረው «የማስረዳት ሸክሙ የከሳሽ ነው» የሚባለው ነገር እዚያ ተገልብጦ ቆሟል።

በእንግሊዝኛው ትርጉም ታሪኩ ከጃፓን ተነሥቶ አሜሪካ ገባ፤ ስሞቹም ሁሉ ተለወጡ። ስለዚህ ብዙ ፈረንጅ «ምን ዓይነት የእብድ ችሎት ነው?» ብሎ ሲስቅ ኖሯል። ይህ ሳቅ ግን ቶኪዮ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ጃፓን ውስጥ ክስ ተመሥርቶበት ፍርድ ቤት ከቀረበው ሰው ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ጥፋተኛ ይባላል። ተጠርጣሪ ክስ ሳይመሠረትበት እስከ 23 ቀን ሊያዝ ይችላል፤ ሲመረመርም ጠበቃው አጠገቡ አይቀመጥም። ይህ ጨዋታ በወጣበት በ2002 ገና ያልተከሰሰ ድሃ ተጠርጣሪ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት የመጠየቅ መብት አልነበረውም፤ ለከባድ ወንጀሎች የተፈቀደው በ2006 ነው። ተራ ዜጎች ከዳኞች ጎን የሚቀመጡበት ሥርዓትም ሥራ የጀመረው በ2009 ነው። እንግዲህ ካርቱኑ የተሳለው አየር ላይ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ከጨዋታው ጋር ነኝ። የምጣላው አራተኛውና የመጨረሻው ክስ ላይ ስደርስ ነው። ብዙዎቹ ወዳጆቹ ከተከታታዩ ሁሉ ምርጡ የሚሉት ደግሞ እሱኑ ነው። ፍጻሜውን ልናገር ነውና ገና ልጫወተው የሚል ሰው እዚህ ላይ ያቁም።

ማት ኢንጋርድ የሚባል የቴሌቪዥን ተዋናይ አለ። የሕፃናት ጀግና ሆኖ የሚሠራ፣ ሲያዩት ቅቤ የማያቀልጥ ልጅ ነው። ተቀናቃኙ ሁዋን ኮሪዳ ተገድሎ ተገኘና ኢንጋርድ ተከሰሰ። በዚያው ምሽት የፊኒክስ ረዳት ማያ ፌይ ታገተች። ያገታት ሼሊ ዲ ኪለር የተባለ ቅጥር ነፍሰ ገዳይ ነው። የጠየቀው ገንዘብ አልነበረም። «ኢንጋርድን በነጻ አስለቅቅ፣ ልጅቷን ትወስዳለህ» አለ።

ፊኒክስ በዚህ ክፍል አዲስ መሣሪያ ይዟል። ማጋታማ የሚባል አረንጓዴ ድንጋይ ነው፤ እንደ ክታብ ይያዛል። ከፊትህ ያለው ሰው ምስጢር ሲደብቅ ልቡ በሰንሰለትና በቁልፍ ተጠፍሮ ይታይሃል። ፊኒክስ ድንጋዩን ይዞ ኢንጋርድን «ገድለኸዋል?» ብሎ ጠየቀው። «ማንንም አልገደልኩም» አለ። አንድም ቁልፍ አልታየም። ፊኒክስም እፎይ አለ፤ ደንበኛዬ ንጹሕ ነው ብሎ ችሎት ገባ።

ሰውየው ግን ቃል በቃል አልዋሸም። በእጁ አልገደለማ! ገዳዩን ቀጠረው እንጂ። ዲ ኪለርን ገንዘብ ከፍሎ ያሰማራው ራሱ ኢንጋርድ ነበር።

ይቺን ቦታ ከልቤ ወድጃታለሁ። እኛም አገር ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ልጁ ይሰክርና ይሮጣል፣ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ያ ልጅ ስንቱን ደሃ ሌባ አድርጎት እንደሄደ እግዜር ይወቀው። የሰው ልጅ የልብን ምስጢር በአቋራጭ የሚያሳየው መድኃኒት፣ ድንጋይ፣ መሣሪያ ሲፈልግ ነው የኖረው። ታኩሚ ለጀግናው ይህንኑ አቋራጭ ሰጠውና፣ በመጨረሻው ክስ ላይ ጥያቄህን አሳስተህ ከጠየቅህ ድንጋዩም ያታልልሃል አለው። ይህ የትልቅ ደራሲ ሥራ ነው። ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ግልጽ ይመስለኝ ነበር፤ ጠበቃ የደንበኛውን ልብ ማንበብ አይችልም፣ ስለዚህም ሥራው በልብ ንባብ ላይ ሊመሠረት አይችልም።

ጨዋታው ግን እዚያ አልደረሰም። ወደ ሌላ አቅጣጫ ታጠፈ።

ፊኒክስ እውነቱን ካወቀ በኋላ በሁለት እሳት መሐል ቆመ። ኢንጋርድን ነጻ ካስወጣ ማያ ትድናለች፤ ነገር ግን የኢንጋርድ ሥራ አስኪያጅ የሆነችው ኤድሪያን አንድሩስ ያልገደለችውን ሰው ገደልሽ ተብላ ትቀርባለች፤ ፊኒክስ ራሱ ጥርጣሬውን እሷ ላይ ሲጎትት ቆይቷልና። ካስፈረደበት ደግሞ ማያ ትሞታለች። እንዴት ወጣ? ኢንጋርድ ነፍሰ ገዳዩን ወደፊት ሊያስፈራራበት ብሎ ግድያውን በስውር ካሜራ ቀድቶት ነበር። ፊኒክስ ይህንን ለዲ ኪለር በሬዲዮ አሳወቀው። ዲ ኪለር ደንበኛው እምነቱን ስለበላበት ውሉን አፈረሰ፣ ማያን ለቀቀ፣ «ከእንግዲህ የማድነው ኢንጋርድን ነው» አለ። ኢንጋርድ ነጻ ቢወጣ ገዳዩ ደጅ ላይ ይጠብቀዋል። ከሞት የሚሸሸግበት ቦታ እስር ቤት ብቻ ሆነ። እየጮኸ «ጥፋተኛ በሉኝ!» አለ። ጭብጨባ። ሙዚቃ። ወረቀት ከጣራ ይበተናል።

ተቃውሞ አለኝ!

ጨዋታው እንደ ድል ያቀረበው ምን እንደሆነ ረጋ ብለን እንየው። አንድ ሰው በሞት ፍርሃት ተይዞ የእምነት ቃል ሰጠ። ፍርሃቱን እፊቱ ያቆመለት ደግሞ የገዛ ጠበቃው ነው። የጃፓን የወንጀል ሥርዓት ለአሥርታት የተወቀሰው በምንድን ነው? ሰውን ዘግቶ፣ አስጨንቆ፣ «አዎ» አስብሎ በዚያች «አዎ» በመፍረዱ አይደለም እንዴ? ሙሉውን ጨዋታ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ስንታገል ውለን፣ መጨረሻ ላይ የዐቃቤ ሕጉን ደዌ ጠበቃው ወርሶት ወጣ። እኛም አጨበጨብን፤ ሰውየው ክፉ ነበራ።

የጨዋታው ወዳጆች መልስ አላቸው። «ታዲያ ማያ ትሙት? ንጹሕ ሴት ትፈረድባት?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጓደኛው ጉሮሮዋ ላይ ቢላ ተይዞባት ፊኒክስ ላደረገው ነገር ድንጋይ አልወረውርበትም። ንጹሕ ሰው መሆኑን እያወቀ ወንጀሉን በሐሰት የሚያላክክ ጠበቃም ጠበቃ አይባልም፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ የትም አገር የሙያው ነውር ነው። ክርክሬ ከፊኒክስ ጋር ሳይሆን እነዚህን ሁለት በሮች ብቻ ከፍቶ ሦስተኛውን በድንጋይ ከደፈነው ደራሲ ጋር ነው።

ሦስተኛው በር ምንድን ነው? የዓለም ጠበቆች በየቀኑ የሚገቡበት በር ነው። ጥፋተኛ መሆኑን ለሚያውቁት፣ ወይም ለሚጠረጥሩት ሰው ሳይዋሹ መቆም። ጠበቃው «ደንበኛዬ መልአክ ነው» አይልም። «አስረዱ» ይላል። ይህ ቢላ ከየት መጣ? ማን አነሣው? ይህ ምስክር በጨለማ እንዴት አየ? ይህ የእምነት ቃል በስንተኛው ሌሊት ተሰጠ? ሁሉም ተጣርቶ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ደግሞ ቅጣቱ ከጥፋቱ እንዳይበልጥ ይከራከራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ንጹሕ ሰው አይወነጀልም፣ ማንም አይዋሽም። ፊኒክስ ራይት ግን ደንበኛውን ካላመነ ሥራ የለውም። እምነቱ ሲፈርስ ጠበቃነቱም አብሮ ፈረሰ።

የሚገርመው ጨዋታው ራሱ መልሱን በእጁ ይዞት ነበር። ኢንጋርድ የተያዘበት ማስረጃ ምን ነበር? በሬሳው ላይ የተሰካ የኢንጋርድ አሻራ ያለበት ቢላና ልብሱ ውስጥ የተገኘ በደም የተነከረ የሟች ቁልፍ። ሁለቱም የተቀነባበሩ ናቸው! አንድሩስ ኢንጋርድ ገዳይ መሆኑን ስላመነች ከሞቱ በኋላ ሬሳውን በቢላ ወጋች፣ ቁልፉንም ልብሱ ውስጥ ከተተች። እንግዲህ ጥፋተኛ በሆነ ሰው ላይ ሐሰተኛ ማስረጃ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው። ፊኒክስ ይህንን ችሎት ላይ ሲያጋልጥ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ጨዋታው ግን ይህንን እንደ እንቆቅልሽ መፍቻ አየውና አለፈ። እኔ አላልፈውም። በጥፋተኛ ላይ የተሠራ ሐሰተኛ ማስረጃና በንጹሕ ላይ የተሠራ ሐሰተኛ ማስረጃ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ መንታ ናቸው። የመጀመሪያውን «ግዴለም፣ ሰውየው እንደሆነ ገዳይ ነው» ብሎ ያሳለፈ፣ ሁለተኛውን የሚይዝበት ዓይን አይኖረውም።

ተረት የመሰለው ካለ ጃፓን አገር፣ ሺዙኦካ እንሂድ።

በሰኔ 1966 አንድ የሚሶ ፋብሪካ ኃላፊ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ተገድሎ ቤቱም ተቃጠለ። ሚሶ ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ በትልቅ ጋን የሚብላላ የጃፓኖች ማጣፈጫ ነው። ፖሊስ የፋብሪካውን ሠራተኛ የቀድሞውን ቦክሰኛ ኢዋኦ ሃካማዳን ነሐሴ ላይ ያዘ። በቀን በአማካይ 12 ሰዓት ያህል መረመራቸው። ሦስት ሳምንት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር «አዎ፣ ገደልኩ» አሉ። ችሎት ሲቀርቡ ቃላቸውን ካዱ። 45 የእምነት ቃል ሰነድ ተጽፎ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ 44ቱን ውድቅ አድርጎ አንዷን ተቀበለ። ከግድያው አንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ደም ያለባቸው አምስት ልብሶች ከሚሶ ጋን ውስጥ «ተገኙ»። ሱሪውን ቢለኩት ጠበባቸው። ያም ሆኖ በ1968 የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ በ1980 የመጨረሻ ሆነ።

ያን ጊዜ ለእሳቸው የቆመው ጠበቃ «ለአራት ሰው ገዳይ፣ ለልጆች ገዳይ፣ አምኖ ለፈረመ ሰው እንዴት ትቆማለህ?» ቢባል ምን ይመልስ ነበር? ልባቸውን የሚያሳየው አረንጓዴ ድንጋይ አልነበረውም። የነበረው ጥያቄ ብቻ ነው። ደም በሚሶ ውስጥ ከዓመት በላይ ከቆየ እንዴት ቀይ ሆኖ ይቀራል? ይህን ጥያቄ ጠበቆችና እህታቸው ሂዴኮ ሃካማዳ ሳይታክቱ ይዘው ዘለቁ። በ2014 ፍርድ ቤት ክሱ እንደገና እንዲታይ ብሎ ከእስር ለቀቃቸው። በመስከረም 2024 በነጻ ተሰናበቱ፤ ፍርድ ቤቱ ልብሶቹ በመርማሪዎች የተቀነባበሩ መሆናቸውን ገለጸ። ዕድሜያቸው 88 ነበር። በ2025 ወደ 217 ሚሊዮን የን ካሣ ተወሰነላቸው። አእምሯቸው ግን በሞት ፍርደኞች ክፍል ውስጥ ተጎድቶ ነበርና ለዚያ የሚከፈል የን የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፈረዱባቸው ሦስት ዳኞች አንዱ ኖሪሚቺ ኩማሞቶ ይባላሉ። በ2007፣ ማለትም የእኛ ጨዋታ በእንግሊዝኛ በወጣበት ዓመት፣ አደባባይ ወጥተው ሰውየው ንጹሕ ነው ብለው ያምኑ እንደነበር፣ በድምፅ ተበልጠው የሞት ፍርዱን በእጃቸው እንደጻፉት ተናገሩ። አስቡት! ፍርዱን የጻፈው እጅ ራሱ በፍርዱ አላመነም። «እናውቃለን» ብሎ የሚተማመን ሰው ይህንን ሲሰማ ትንሽ ይደንግጥ።

«ጃፓን ዐቃቤ ሕጎች ጠንቃቆች ናቸው፤ እርግጠኛ ካልሆኑ አይከስሱም፤ 99 በመቶው የመጣው ከዚያ ነው» የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው፤ ብዙ መዝገብ ሳይከሰስ ይዘጋል። ነገር ግን ይህ መልስ ለእኔ ማጽናኛ ሳይሆን ክስ ነው። ጉዳዩ ያለቀው ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ውስጥ ከሆነ፣ ችሎቱ የማኅተም መምቻ ሆነ ማለት ነው። ጠበቃውም ለወግ የቆመ ሚዜ ይሆናል። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ሲፈረድበት ያየ ዳኛ፣ መቶኛው ሰው ፊቱ ሲቆም ምን ዓይነት ዓይን ይኖረዋል?

ነገሩ የሩቅ ምሥራቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠርና በጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው ይናገራል። «ክፉ ካልሆነ በስተቀር» የሚል ቅንፍ የለውም። አንድ ሰው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ሲታይ ግን ስንቶቻችን ነን ቡናችንን ፉት እያልን የምንፈርደው? «ፖሊስ ዝም ብሎ አይዝም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ የማያውቅ አለ? የጥንቶቹ ከእኛ ይሻሉ ነበር። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይሉ ነበር። በቅሎ ትልቅ ንብረት ናት፣ ጭብጦ አንድ ራት ናት። ያንገበገባቸው የጠፋው ነገር ትንሽነትና ትልቅነት ሳይሆን የጠፋበት መንገድ ነው። የኢንጋርድ ጥፋተኝነት በቅሎዋን የሚያስወስድ ነው፤ ይወሰድ፣ ግን በፍርድ ይሂድ።

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ ብዬ ነበር። ፍትሕ ለሁሉም። ይህችን ስም የሰጣት ሰው «ሁሉም» የምትለውን ቃል ክብደት ያሰበበት አይመስለኝም። «ለሁሉም» ማለት ለማያ ነው፣ ለአንድሩስም ነው፤ እዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን። ችግሩ የሚመጣው ወረፋው ኢንጋርድ ጋ ሲደርስ ነው። ለምንወደው ሰው ፍትሕ መመኘትማ ምን ያስቸግራል? ቃሉ የሚፈተነው ፊቱን ማየት በምንጠላው ሰው ላይ ነው። ለጥፋተኛ ጠበቃ አይገባም የምንል ከሆነ፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ከፍርድ በፊት የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል። ይህ ሰው ፖሊስ ነው። ሺዙኦካ ላይም የነገረን እሱ ነበር።

ስለዚህ ጨዋታውን ተጫወቱት፤ በ2019 ለዘመኑ መሣሪያዎች ተሰናድቶ ወጥቷል፣ የሚገኝ ነው። አንጎልን የሚስል፣ የሚያስቅ፣ ሰውን በቃሉ ማጥመድን የሚያስተምር ሥራ ነው። መጨረሻው ላይ ስትደርሱ ግን፣ ኢንጋርድ እየጮኸ «ጥፋተኛ በሉኝ!» ሲል፣ ለማጨብጨብ አትቸኩሉ። ሃካማዳም «አዎ» ብለው ነበር።